ከክርኗ አንድ መዳፍ ዝቅ

ግንበኛውን የሰደበው የቤቱ ባለቤት ወንድም ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ። ገና ምንም ባልተነካው አሮጌ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰባት ሠራተኞች ቆመው ነበር። ግንበኛው ፕላኑን ተቀበለና ወረቀቱን በእጁ ላይ አዞረው። ወንድምየው መንጭቆ ቀማውና መልሶ አቀናው።

«ገልብጠህ እኮ ነው የያዝከው። አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ቤት ያድሳል ብሎ ማመን የኛ ጥፋት ነው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ማን ቀድሞ እንደሳቀ እንኳ ግንበኛው አይረሳውም፤ ቀለም ቀቢው ነው።

ወረቀቱን ግን አልገለበጠውም። ቤት የሚሠራ ሰው ፕላኑን የሚያዞረው በወረቀቱ ላይ ያለው በር ከቤቱ በር ጋር እንዲገጥም ነው። ይህን መልስ ያን ጊዜ አልሰጠም፤ ዋጠው። ሆዱ ውስጥ እንዲህ ያሉ ያልተሰጡ መልሶች ብዙ ነበሩ። ከክፍል ያስወጣው መምህር አለ፣ «አንተ ለሸክም ነው የተፈጠርከው» ያለው አጎቱ አለ፤ ሁሉም ቀናቸውና ሰዓታቸው ሳይዛነፍ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። በዝምታው የተነሳ ሠራተኞቹ ቱምቢ ይሉታል። ግንብ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው ቱምቢ፤ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል እንጂ ቃል አይወጣውም።

ባለቤቲቱ ሩቅ አገር ልብስ ሰፊ ናት። ስምንት ዓመት ሰፍታ ባጠራቀመችው ቤቱን ሳታየው ገዛችው፤ አሳድሳ ልታከራየው። ሥራውን እከታተላለሁ ያለው ወንድሟ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ጊዜ አጣሁ ብሎ የግንበኛውን ስልክ ቁጥር ሰጣትና ገለል አለ።

እሮብ ረፋድ ላይ ደወለች። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ነበር፦

«ፕላኑን ፊቴ ዘርግቼዋለሁ። በሩን ወደ ደረቴ አዙሬዋለሁ። እርስዎ በሩ ላይ ከቆሙ አብረን እንገባለን።»

ግንበኛው ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ያንኑ ወረቀት፣ ልክ እሱ እንዳዞረው አዙራ የያዘች ሰው ከዚያ ሁሉ ርቀት ታናግረዋለች።

«ቆሜያለሁ» አላት። «ይግቡ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ገባች። እሷ ዘንድ ምሳ ዕረፍት ሲሆን እሱ ዘንድ ረፋድ ነው። ስልኩን ካሜራውን ወደ ውጭ አድርጎ ሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ይከተዋል፤ እሷም ኪሱ ውስጥ ሆና ቤቱን ትዞራለች። ቀስ ብለው ይሂዱ ትለዋለች፣ ቀስ ይላል። መስኮቱ ጋ ይቁሙ ትለዋለች፣ ይቆማል። የፈረሰው ግድግዳ አቧራ በፀሐይዋ ጮራ ውስጥ ሲንሳፈፍ ሁለቱም ዝም ብለው ያዩታል። ዝም ሲሉ ማንም ስልኩን አይዘጋም።

«እርስዎ» የቀረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቤቴን እንዲህ የሚያፈርስን ሰው እርስዎ ማለት ከበደኝ ብላ ሳቀች። እሱም አንቺ አላት፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ድረስ ጋለ።

አንድ ቀን በዝምታቸው መሃል «የምን ድምፅ ነው?» አለችው።

«የቱ?»

«ዱብ ዱብ የሚለው። ኪስህ ውስጥ በደንብ ይሰማኛል።»

«ጎረቤት ምስማር እየመታ ነው።»

«ጎረቤትህ አይደክመውም?»

«ሰሞኑን ብሶበታል» አላት፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ውሃ ቧንቧው ማውራት ጀመረ።

ከሁሉ የምትወደው የብርሃኑን ወሬ ነበር። የወጥ ቤቱ ወለል ሴራሚክ ከለበሰ በኋላ፣ ዛሬ ፀሐይዋ የት ደረሰች ብላ ሳትጠይቅ አትዘጋም። እሱም ከመስኮቱ ጀምሮ ሴራሚኮቹን ይቆጥርላታል፤ ሦስተኛው ላይ ናት፣ አራተኛውን ነክታለች።

አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር ግን ይጨንቀው ጀመር። ቤቱ ሲያልቅ ስልኩም ያልቃል። ተከራይ ይገባል፤ እሷ እዚያው ትቀራለች፤ እሱም ሌላ ሰው ቤት ሄዶ ሌላ ሰው ይሰድበዋል። ደህና የነበረ ልስን አልወደድኩትም ብሎ ሁለት ጊዜ አፍርሶ ሠራ። ሠራተኞቹ ተያዩ።

ቆመው ምግብ የሚያሰናዱበትን የወጥ ቤቱን መደብ ሊሠራ የደረሰ ዕለት፣ «ክርንሽ ከመሬት ስንት ነው?» አላት።

ጫማዋን ስታወልቅ ተሰማው። ሜትሩ እንደ ልብስ ሰፊ ሁሉ አንገቷ ላይ ነው። ለካችና ነገረችው፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፈው። መደብ የሚመቸው ከክርን አንድ መዳፍ ዝቅ ሲል ነው። በማግሥቱ የዓይኗን ከፍታ ጠየቃት፣ ለመስታወቱ። ከዚያ ሳትንጠራራ እጇ የት እንደሚደርስ፣ በሩ ጎን ለሚመታው የልብስ መንጠቆ።

«ለተከራይ ነው እኮ» አለችው አንድ ጊዜ።

«ተከራይም ክርን አለው።»

ሳቀችና የጠየቃትን ለካች። አጭር ናት። ምን እንደሠራ እሱ ራሱ የገባው፣ ቀለም ቀቢው መስታወቱ ፊት ቆሞ፣ ቱምቢ፣ ይቺ እኮ የምታሳየኝ አንገቴን ነው ሲለው ነው። ዞር ዞር ብሎ አየ። መደቡ፣ መደርደሪያው፣ በሩ ላይ ያለችው ማያ ቀዳዳ፣ ሁሉም በአንዲት ሴት ልክ ተሠርተዋል፤ ያውም ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለማትተኛ ሴት። ሃያ ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም።

ማፍረስ ነበረበት። የአንድ ቀን ሥራ ነው። መዶሻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። አንድ ቀን መጥታ በዓይኗ ካየችው ወይ ይገባታል፣ ወይ ትስቅበታለች፤ የሷ ሳቅ ደግሞ እንደ ቀለም ቀቢው ሳቅ ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ የሚቀመጥ አይደለም፣ የሚገድል ነው። ይህንኑ እያሰበ፣ እጁ ብቻውን እንደሠራው ሁሉ፣ ከመንጠቆዋ በላይ፣ በራሱ ቁመት፣ ሌላ መንጠቆ መታ። ሰው እንዳያየው ቶሎ ብሎ ነው የመታው።

ቤቱ ሲያልቅ ቁልፉን ለተከራይ ራሷ ልታስረክብ ከዚያ ሩቅ አገር ተሳፍራ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከወንድሟ ጋር መጣች። ግንበኛው የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ድምፁን እንጂ ፊቱን እምብዛም አታውቀውም፤ ሦስት ወር ሙሉ እሱ የሚያየውን ስታይ ነው የኖረችው። 

ወንድምየው ቀድሞ ገብቶ ነበር። መስታወቱ ፊት ጎንበስ አለ፣ መደቡን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው? ተከራዩ ድንክ ነው እንዴ?» ወደ እኅቱ ዞረ። «ነግሬሽ ነበር። ሜትር ማንበብ የማይችል ሰው ነው። ሰኞ ሁሉንም አስፈርሰዋለሁ።»

የማክሰኞው መልስ ከሆዱ ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። ከነቃሉ፣ ከነአቀማመጡ ተዘጋጅቶ የኖረ መልስ ነው። ሊናገር ሲል ግን እጇን አየ።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ወንድሟን እየሰማች፣ ሳታይ አንጠለጠለችው። እጇ መንጠቆውን ሳይፈልግ አገኘው። ቆም አለች። መንጠቆውን አየች፣ ከሱ በላይ ያለውንም አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች፣ መደቡ አጠገብ ቆመች፣ ክርኗን አጥፋ መዳፏን ከሥሩ አስገባች። አንድ መዳፍ። አልሰፋም፣ አልጠበበም።

 ግንበኛው ሳቋን ጠበቀ።

«ስምንት ዓመት የሰው ልክ ስወስድ» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «የኔን ልክ የወሰደ ሰው አልነበረም።»

«ምን?» አለ ወንድምየው።

«ጋሼ፣ ቤቱ አይከራይም። እኔ እገባበታለሁ።»

ወንድምየው እኅቱን አየ፣ ግንበኛውን አየ፣ እንደገና እኅቱን አየ። እሷ ግን ከእሱ ጋር መነጋገሯን ጨርሳለች።

«ከኔ በላይ ያለው መንጠቆ ግን» አለች ከወጥ ቤት፣ ድምፅዋ ስልኩ ውስጥ እንደነበረው ለስለስ ብሎ፣ «የማን ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለ ወንድምየው፣ ፊቱ ደም መስሎ። «ምን ብለሃት ነው? አራተኛ ክፍል ላይ ቀርተህ እዚህ ቤት ምን ልታደርግ ነው? መልስ እንጂ።»

ግንበኛው ጉሮሮው ላይ የነበረውን መልስ ፈለገው። አልነበረም። ጃኬቱን አወለቀ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ላይኛው መንጠቆ ላይ ሰቀለው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ፀሐይዋ አራተኛው ሴራሚክ ላይ ደርሳ፣ መደቡ አጠገብ የቆመችውን ሴት እግር ነክታ ነበር።

«አንተን እኮ ነው» አለ ወንድምየው ከኋላው።

ግንበኛው ሳይመልስለት አልፎት ወደ ወጥ ቤቱ ገባ።