ሰማያዊው ምሳ ዕቃ

እሺታ ምሳ ዕቃውን ከሚኒባሱ ስታወርድ፣ ከስር የደገፈችበት መዳፏ ሞቀ። እጇን ቀየረች። ሁለተኛውም መዳፏ ያንኑ ነገራት። ጠዋት ስትቀበለው ጣት ያደነዝዝ የነበረው ሰማያዊ ምሳ ዕቃ፣ አሁን ከምድጃ ዳር እንደዋለ ድስት ለብ ብሏል።

«ምን ይገትርሻል? አምጪው እንጂ!»

የጠራቻት ሼፍ ናት። ሐይቁ ዳር፣ ከትልቁ ዛፍ ስር ምንጣፍ አንጥፋ፣ ዳቦውን ሰንጥቃ ደርድራ፣ ማንኪያ ይዛ ትጠብቃለች።

«መጣሁ!» አለች እሺታ። ግን አልመጣችም።

እሺታ የቅጽል ስሟ ነው። እውነተኛውን ስሟን የሚጠሩት ስም የሚቆጣጠሩ መምህራን ብቻ ናቸው። «እስክሪብቶ አውሺኝ» ሲሏት እሺ፣ «ወንበር ያዢልኝ» ሲሏት እሺ፣ «የኔን ተራ ጥረጊልኝ» ሲሏትም እሺ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰውዬ «ወራጅ አለ በዪልኝ» ቢላት፣ ጮክ ብላ ተናግራለት ሲያበቃ አብራው ወርዳለች ይባላል። ይህን ያስወራው ሬዲዮ የሚባለው የክፍሏ ልጅ ስለሆነ እውነትነቱ ያጠራጥራል። ሬዲዮ ለምን ሬዲዮ እንደተባለ አምስት ደቂቃ አብሮት የተቀመጠ ሰው አይጠይቅም።

ሼፍ ደግሞ ሼፍ የተባለችው ገና ትናንትና ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ስሟ ከሰል ነበር። ባለፈው ሽርሽር ራሷ የጋገረችውን ኬክ ይዛ ስትመጣ ስሩ አርሮ ነበር። ሬዲዮ አንዱን ቁራጭ አንስቶ በዚሁ ዛፍ ግንድ ላይ ስሙን ጻፈበት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም አብራቸው ሳቀች። ማታ ግን እሺታ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አመሸች፤ በማግስቱ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ወደሆነችው አክስቷ ሄዳ «አስተምሪኝ» አለቻት።

ሳምንቱን ሙሉ ማዮኔዝ ስትመታ ከረመች። ከሱቅ የሚገዛውን ሳይሆን፣ በጥሬ እንቁላል፣ በዘይትና በሎሚ እቤት የሚሠራውን። መጀመሪያ ላይ ዘይቱ ወዲህ፣ እንቁላሉ ወዲያ እየሆኑ እንደተጣሉ ባልና ሚስት ተለያዩባት። በስንት መከራ ተያዘላት። ዛሬ በጠዋት ከተቀቀለ ዶሮ ጋር ለውሳው ምሳ ዕቃውን ሞላችው። አክስቷ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ቀምሳ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። እሺታ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ጥሬ እንቁላል እንዳለበት እንዳትረሱ። እንደቀዘቀዘ ይበላ። ከሞቀ ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ። እኛ ሆቴል አንድ ጊዜ ሞቅ ያለውን የበሉ እንግዶች ተደግፈው ነው ሐኪም ቤት የገቡት። ትልልቅ ሰዎች እንዲያ ከሆኑ፣ ልጅማ እንዴት ይችለዋል?»

ለዚህ ነው ሼፍ አንድ ጠርሙስ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አሳድራ፣ በረዶውን ከምሳ ዕቃው ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ የከተተችው። እሷ ጠዋት የሒሳብ ማጠናከሪያ ነበረባት። ከዚያ በኋላ አባቷ እሷንና ትንሽ ወንድሟን ማሙሽን በሞተር ሳይክል ያደርሷቸዋል። ዳቦው ሞተር ሳይክል ላይ ቢንገጫገጭ ዳቦነቱን አይተውም። ምሳ ዕቃውን ግን ለሰው መስጠት ነበረባት።

«ጭንሽ ላይ» አለቻት ቦርሳውን ስታስረክባት። «መሬት አይንካው፣ ፀሐይ አይንካው፣ ሬዲዮ አይንካው።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ፣ እሺ።»

መንገድ ላይ የሆነው እንግዲህ ይኸው ነው። እሺታ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። በረዶው ጭኗን አደነዘዘው። ሾፌሩ አይቶ አዘነላትና፣ በእሱና በእሷ መካከል ያለውን የሞተሩን ክዳን መታ መታ አደረገ።

«እዚህ ጣል አድርጊው የኔ ልጅ፣ እጅሽን አሳርፊ።»

እሺ አለች። ለትንሽ ጊዜ ብላ ነበር። ቀጥሎ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ክሪኩን ይዞ መኪናው ስር ሲገባ፣ ልጆቹ አንድ ዛፍ በሌለበት መንገድ ዳር ተኮለኮሉ። የያዙት ውሃ አልቋል። ፀሐይዋም የተከራየቻቸው ይመስል ከአናታቸው አልወርድ አለች።

«እሺታዬ» አለ ሬዲዮ፣ ጉሮሮውን ይዞ። «እዚያ ቦርሳ ውስጥ በረዶ አይቻለሁ። ሰው ልናጣ ነው።»

«የሼፍ ነው።»

«ሼፍስ ብትሆን ጓደኞቿ በውሃ ጥም ሲያልቁ ደስ ይላታል? አታካብጂ!»

ሌሎቹም አታካብጂ አሉ። እሺታ እሺ አለች።

ደግሞ እንዴት ያለ ውሃ ነበር! ግማሹ ቀልጦ፣ ግማሹ በረዶ ሆኖ ጠርሙሱ ውስጥ ይንኳኳል። እየተቀባበሉ ጠጡ፣ ማጅራታቸው ላይ አንጠባጠቡ፣ የመጨረሻውን ስባሪ ሬዲዮ ሸሚዙ ውስጥ ከቶ እንደ ፍየል ዘለለ። «እሺታ፣ ነፍስ ነሽ!» ተባለላት። ደስ አላት። ቦርሳው ግን መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ያ የሞተር ክዳን ላይ ቀረ። ትርፉ ጎማ ራሱ አየር የለውም ተባለና ሌላ እስኪመጣ ተጠበቀ። ጥበቃው ረዘመ። ምሳ ዕቃው ትዝ ሲላት ሐይቁ ጋ ደርሰው ነበር።

አሁን ክዳኑን በስሱ ከፈት አድርጋ አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ምራቋ ሞላ። ቢሸት እኮ ይሻል ነበር! ቢሸት ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ይሸሽ ነበር፤ እሷም አንድ ቃል መናገር አይጠበቅባትም።

«እሺታ! ሆዴ ጀርባዬ ጋ ደርሷል!» ሬዲዮ ነው።

«ታጥቤ ልምጣ!» ብላ ወደ ውሃው አቀናች፤ ምሳ ዕቃውን እንዳቀፈች። እጅ ለመታጠብ ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ደግነቱ የራበው ሰው አይመረምርም።

ያሰበችው ቀላል ነገር ነው። ጀልባ የሚሳፈሩበት የጣውላ መተላለፊያ ወደ ሐይቁ ገባ ብሏል። እዚያ ጫፍ ላይ እግሯ ይንሸራተታል። «ወይኔ!» ትላለች። ምሳ ዕቃው ውሃ ውስጥ ይገባል። ማንም አይታመም፣ ማንም አያውቅም። ለሳምንት እጀ ሰባራ ብለው ቢስቁባት ነው። ሼፍ ብታዝን ትንሽ ነው የምታዝነው፤ አደጋ ነዋ! በአደጋ ሰው አይቀየምም።

ጣውላው ከእግሯ ስር ሲጥ ሲጥ አለ። ጫፉ ጋ ደረሰች። ክዳኑን አላላችው።

«አንድ ማንኪያ ብቻ!»

ክዳኑን እንደያዘች ዞረች። ማሙሽ ከኋላዋ ቆሟል፤ ጥርሱ የወለቀበትን ድድ እያሳየ፣ ካልሲውን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ወትፎ።

«ሂድ እህትህ ጋ።»

«እህቴማ ሁሉም ሲቀመጥ ነው የምትሰጠኝ። ጠዋትም አላስቀመሰችኝም።» ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ልያዘው ብላት እምቢ አለችኝ። አንተ ትጥለዋለህ፣ ሬዲዮም ይጥለዋል፣ እሺታ ግን አትጥለውም አለች። አትጥይውም አይደል?»

እሺታ ውሃውን አየች። ከዚያ ማሙሽን አየች። መልስ እየፈለገች ሳለ፣ የማሙሽ ጣት በላላው ክዳን ስር ሾልካ ገብታ፣ ነጭ ነገር ዝቃ ወጣች። ወደ አፉ ሳትደርስ እሺታ የእጁን አንጓ ለቀም አደረገችው።

«አልበላሁም! ኧረ አልበላሁም! ልቀቂኝ!»

ጩኸቱ ሐይቁን ተሻገረ። ከዛፉ ስር ሁሉም ዞሩ። ሼፍ ማንኪያዋን እንደያዘች ስትሮጥ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

«ምን አደረገሽ?» አለች ሼፍ፣ ለወንድሟ ጆሮ እጇን እየዘረጋች።

«ምንም አላደረገም።» እሺታ የማሙሽን ጣት በቀሚሷ ጫፍ አጥብቃ ጠረገችው። «አትብሉት። ማንም እንዳይበላው።»

«ብቻሽን ልትጨርሽው ነው?» አለ ሬዲዮ። አንድ ሁለቱ ሳቁ።

«ሞቋል።»

«በጭንሽ ይዘሽው እንዴት ይሞቃል? በረዶውስ?» አለች ሼፍ።

«ጭኔ ላይ አልነበረም። የሞተሩ ክዳን ላይ ነበር። ጎማው ሲሠራም እዚያው ነው የቆየው። በረዶውን ደግሞ ጠጣነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ሬዲዮ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ብርቅ ነገር ነው፤ ያን ዕለት ግን ማንም ብርቅነቱን አላስተዋለም።

ሼፍ ምሳ ዕቃውን ወስዳ ከስሩ ዳሰሰችው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ፊቷ ላይ ተስፋ ብልጭ አለ።

«ይኸው፣ ጥሩ ነው የሚሸተው። ምንም አልሆነም።»

«እውነት ነው፣ አንድ ቀን ምን ያደርጋል?» አለች ከኋላ አንዷ። «እኛ ቤት ስንቱን እንበላለን!»

«እኔ እበላለሁ» አለ ሌላው። «ርቦኛል።»

ሼፍ ዞራ እሺታን አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ሁሉ አልያዝ ያለ ዘይትና እንቁላል አለ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለሁለታቸው ብቻ በሚሰማ ተናገረች።

«ለብ ነው ያለው እንጂ አልሞቀም፣ አይደል? አክስቴ ስታካብድ ነው። አይደል? እባክሽ፣ እሺ በይኝ።»

ያቺ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። መቼም ከእሷ ርቃ አታውቅም። ብትላት ሁሉም ይበላል፣ ሼፍም ትመሰገናለች፤ ምናልባትም፣ ምናልባት፣ ማንም አይታመምም። ማሙሽ የእህቱን ቀሚስ ይዞ፣ ነጩን ነገር አንጋጦ ያያል።

«አይ» አለች እሺታ። «ሞቋል። አክስትሽ ያለችውን አብረን ሰምተናል።»

ሼፍ ሌላ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆመች። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ፣ ማንንም ሳታይ በጣውላው ላይ ተመልሳ ሄደች። ቆሻሻ መጣያው በርሜል ጋ ደርሳ በማንኪያው እየጠረገች ገለበጠችው። ውሻ እንዳያገኘው ብላ ላዩን በካርቶን ሸፈነችው። የምታለቅስ አትመስልም ነበር፤ አፍንጫዋን ግን ደጋግማ በክንዷ ጠረገች።

ዳቦውን በሙዝ በሉት። ሬዲዮ የራሱን ቁራጭ ሳይነካ ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «በረዶውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ እኮ» አለ፣ ከወትሮው ድምፁ እኩሌታው ጎድሎ።

«አንተን ያዝ አላልኩህም» አለች ሼፍ።

ከዚያ በኋላ ሰው ዋኘ፣ ኳስ ተጫወተ፣ ጀልባም ተከራየ። እሺታ ዳር ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ከታ ዋለች። ሼፍ ሁለት ጊዜ በአጠገቧ አለፈች፤ ሁለት ጊዜም ማሙሽን ስትጣራ ነው ያለፈችው።

ወደ ቤት ለመሄድ ሲሰናዱ ሼፍ ወንድሟን ይዛ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ገባች። ሰማያዊው ምሳ ዕቃ ዛፉ ስር ተረስቷል። ተረስቶ ይሁን ተትቶ፣ ማንም አልጠየቀም። እሺታ አነሳችው። ቧንቧው ጋ ወስዳ ዘይቱ እስኪለቅ በሳሙና አጠበችው፣ አራገፈችው፣ ክዳኑን ገጠመች። እንደ ጠዋቱ ከሾፌሩ ጎን የቀረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። በሾፌሩ መመልከቻ መስታወት ውስጥ ሼፍ ትታያታለች፤ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወደ ውጭ ታያለች።

ሾፌሩ መኪናውን አስነሳ። የሞተሩን ክዳን መታ መታ አደረገ።

«እዚህ ጣል አድርጊው እንጂ፣ እጅሽን አሳርፊ።»

«አይ ጋሼ፣ ይዤዋለሁ።»

«ባዶ አይደለም እንዴ?»

«ባዶ ነው» አለች እሺታ፤ በሁለት እጇ ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው።