አሥር ሰከንድ

ልብስ ሰፊዋ ኮምፒዩተሯን ታቅፋ ለሦስተኛ ጊዜ ጥገና ቤቱ በር ላይ ስትቆም፣ ትቆጣ ወይስ ታልቅስ ግራ ገብቷት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘጠኝ ዓመት የልብስ ንድፎቿ ያሉት በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን አሮጌው ዊንዶውስ እየተንፏቀቀ አስመረራት። ጠጋኙ «እሱን ሳንነካ ሌላ ሲስተም ከጎኑ እንጭናለን፤ አንድ ቤት፣ ሁለት ክፍል» ብሎ ዲስኩን ለሁለት ከፈለና ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫነላት። ስታበራው የሁለቱ ዝርዝር ይመጣል፤ የፈለገችውን መምረጥ ብቻ ነው።

እቤት ስትደርስ ግን ንድፎቹ የሉም። ተመልሳ ትመጣለች፤ እሱ ዘንድ ሲበራ አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብለዋል። እቤት የሉም፣ እሱ ዘንድ አሉ። እሱም እንደሷ ግራ ተጋብቶ ጭንቅላቱን ያካል።

«ሆን ብሎ ነው» ብላት ነበር ታላቅ እህቷ። «እንድትመላለሺለት! ፈገግታውን አይተሽ እንዳትሞኚ፤ አሳስቆ የሚወስድ ውሃ ነው።»

ዛሬ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ጠየቀችው።

«ሆን ብለህ ነው?»

«ምኑን?»

«እንድመላለስልህ።»

ጠጋኙ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ፈገግታው ጠፋ።

«እኔ በሰው ሥራ አልቀልድም። ካላመንሽኝ ለሌላ አሳዪው።»

ቅን መልስ ነበር፤ ሊያረጋጋት ይገባ ነበር። ለምን እንደከፋት አልገባትም። «አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» ቢላት ኖሮ ደስ ይላት እንደነበር ያወቀችው በሩን ልትወጣ ስትል ነው።

«ቆይ» አላት ከኋላዋ። «እቤት እንዴት እንደምታበሪው ልይ።»

እቤት ሲደርሱ እህቷ የስፌት ክፍሉ ጥግ ቁጭ ብላ ቁልፍ እየተከለች በጎሪጥ ታየዋለች። ልብስ ሰፊዋ እንደ ሁልጊዜዋ ኮምፒዩተሩን አበራች፣ ተነሳች፣ ካውያ ሰካች፣ የወደቁ ስፒሎች ለቀመች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ይኸው! የሉም!»

ጠጋኙ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ዝርዝሩ የሚጠብቅሽ አሥር ሰከንድ ብቻ ነው። አንቺ ካውያ ስትሰኪ እሱ ራሱ ሊኑክስን ይከፍታል። ንድፎችሽ በወዲያኛው ክፍል አሉ። እኔ ዘንድ ሲበራ የምመርጠው እኔ ስለሆንኩ ይገኛሉ። አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው።»

እህትየው ድንገት ቁልፉ ላይ አቀረቀረች።

ጠጋኙ ጥቂት ነካካና ተነሳ። «አሁን ካልመረጥሽ ዊንዶውስ ይከፈታል» አለ፣ እሷን ሳይሆን ኪቦርዱን እያየ። «ከእንግዲህ እኔ ጋ መምጣት አያስፈልግሽም።»

«አመሰግናለሁ» አለችው።

አራት ቀን ሙሉ ኮምፒዩተሩ አንዴ እንኳ አላስቸገራትም፤ እሷም በዚሁ ተናደደችበት። ንድፎቹ ሁሉ ተገኝተው ሳለ የሆነ ነገር የጠፋባት እየመሰላት፣ መቀስ በእጇ ይዛ መቀስ ትፈልግ ነበር። እህቷ አየቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልሰጠችም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ጥገና ቤቱ ገባች።

«ደግሞ ጠፋ» አለች። ድምጿ ራሷንም አላሳመናት።

ጠጋኙ ቦርሳውን ተቀብሎ እጁን አስገባ። ቻርጀር አወጣ። ቀጥሎ የልብስ መለኪያ ሜትር አወጣ። ከዚያ ቦርሳውን ገልብጦ አራገፈው።

«ኮምፒዩተሩስ?»

እቤት ጠረጴዛው ላይ፣ በርቶ፣ ንድፎቹን እንደዘረጋ ትታው መምጣቷ ትዝ አላት።

«ረስቼው ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው የጠፋው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች፤ እንባዋ እየመጣ ሳቀች። «ከዚህ ስሄድ ይጠፋል፤ እዚህ ስመጣ ይገኛል።»

ጠጋኙ ሜትሩን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «ያን ቀን ሳስተካክለው እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ባላስተካክለው ብዬ ተመኝቼ ነበር።»

ወንበር ሳበላት። ከዚያ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን «ምሳ ወጥቻለሁ» የሚል ጽሑፍ ወደ ውጭ ገልብጦ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።