የተቀባይ ፊርማ

አቶ ፈርሙ ከመድኃኒት ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ግንባሩን የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ፈንክቶታል። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው፤ ጦርነት ላፈናቀላቸው እናቶች የሚመጣው የወሊድ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ሆኖ «መጀመሪያ ይፈርሙ!» ሳይል ጓንት እንኳ ስለማይሰጥ፣ የመጋዘኑ ሾፌር ያወጣለት ቅጽል ስም ጸንቶ ቀረ።

መርማሪው ሬሳውን ገልበጥ ሲያደርግ ከሥሩ የተጨማደደ ወረቀት አገኘ። አነበበውና ማንም ሳያይ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለችው የሟቹ ክፍል ገባ። አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ወንበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የእሱም ቤት እንዲሁ ነውና ቶሎ ብሎ ወጣ።

ማቀዝቀዣው በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል። ሟቹ ጠዋትና ማታ ሳያዛንፍ ይሞላው ነበር፤ የትናንት ማታው ግን ባዶ ነው። ማቀዝቀዣውም ባዶ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመው መርፌ በሙሉ አጠገቡ ባለ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በበረዶውና በብልቃጦቹ መሃል ካርቶን ገብቷል።

«ጄኔሬተሩ መቼ ጠፋ?» ሲል ዘበኛውን ጠየቀ።

«ዛሬ ንጋት ላይ ጌታዬ፣ ነዳጅ አልቆ።»

«ግቢው ውስጥ ማን ማን ያድራል?»

«ከሟቹ ሌላ እኔ፣ ሾፌሩና አዋላጇ ሲስተር። ሌላ ሰው አልገባም።»

ሾፌሩ መኪናውን እያጠበ ነበር።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ከእሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ለጋሾቹ ገንዘቡን ሲያቆሙ ‹ቆጠራ እስኪያልቅ አንድም ነገር አይውጣ› የሚል ደብዳቤ መጣ። እሱ ደብዳቤውን ይዞ ሙጭጭ!»

«መድኃኒቱ እንዳይበላሽ አንተ ብትሆን እንዴት ታስቀምጠዋለህ?»

«በረዶ ውስጥ ቅብር ነዋ!»

ሲስተር በአጥሩ ማዶ ባለው ክሊኒክ ምጥ የጀመራትን ሴት ወገብ ታሻለች። ቀና ብላም አላየችው።

«ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሞታለች አሉ።»

«ሞተች። ደሟ ሲፈስ እጄን ይዛ ነበር፤ መድኃኒቱ እዚያው ተቆልፎበት። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የምበላው። ማን ፊት ልቀመጥ?»

አራት ሰዓት ላይ ሦስቱንም መጋዘን ሰበሰባቸው። የበረዶ ሳጥኑን ከፈተና ካርቶኑን ሳብ አደረገው።

«ኧረ ይመልሱት! በረዶ ከነካው ያልቅለታል!» ሲስተር ነበረች።

መርማሪው ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰ።

«የማታው ሙቀት አልተመዘገበም፤ ስለዚህ ሰውየው የሞተው ሳይመሽ ነው። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ማቀዝቀዣው የቆመው ደግሞ ዛሬ ንጋት ላይ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱን ወደ ሳጥኑ ያዛወረው ሟቹ አይደለም፤ ሬሳ እያየ ሳይጮህ ብልቃጥ የለቀመ ሰው ነው። ዘበኛችን ማቀዝቀዣን ከቁም ሣጥን አይለይም።»

ዘበኛው በእፎይታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሾፌሩ በረዶ ውስጥ ይቀብረው ነበር። ካርቶን የምታስገባው አንዲት ሰው ናት። ሲስተር፣ እሱን የገፉት እርስዎ ነዎት፤ መድኃኒቱ ሲበላሽ ለማየት ግን አልጨከኑም።»

«ለዛሬዋ ወላድ ብዬ ለመንኩት» አለች። «ዝም ብሎ የሆነ ነገር ሲጽፍ ቆየና ጀርባውን ሰጠኝ። የናቀኝ መሰለኝ፤ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

መርማሪው እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ አመነታ። ባያሳያት ይወድ ነበር።

«ጀርባውን የሰጠዎት ወደ ማቀዝቀዣው ሊሄድ ነው» አለና ወረቀቱን ዘረጋላት።

የመድኃኒት ማውጫ ቅጽ ነበር። ‹ለሲስተር፣ ሃያ ብልቃጥ› ይላል። ሟቹ ደብዳቤውን ጥሶ ፈርሟል። የተቀባይ መስመር ብቻ ባዶ ነው።

ሲስተር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማንም ሊነካት አልደፈረም። ከክሊኒኩ የምጥ ጩኸት ሲሰማ ግን እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»

በተቀባይ መስመር ላይ ፈረመችና ሃያ ብልቃጥ ቆጥራ ያዘች።

«አዋልጄ እመጣለሁ።»

«እጠብቅዎታለሁ» አላት። የሟቹን ወንበር ከክፍሉ አውጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ብቻውን ተቀመጠ።