ድስት የተባለው ቆብ

ኑ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ያቺ ወንበር እግሯ ይወላገዳልና እሷን ተዉአት። የማወራችሁ እዚሁ ፈረንሳይ፣ ፒካርዲ፣ በመንደራችን ትምህርት ቤት የሆነውን ነው።

ጊስላን የሚባለው ተማሪ ጣቱን በአሮጌ የወታደር የብረት ቆብ ቀዳዳ አሾልኮ እያወዛወዘ ነበር።

«ወታደሮቹ 'ድስት' ነበር የሚሉት! ድንች ይቀቅሉበታል። ይቺ ደግሞ የእንፋሎት መውጫ ናት!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ማርስሊን ብቻ አልሳቀችም። ቆቡን ከጎረቤቷ ከአባባ አናቶል ቤት ያመጣችው እሷ ናት። በማግስቱ አባባ አናቶል የተዋጉበት ጦርነት ማብቂያ መታሰቢያ ነው፤ ተማሪዎቹ የየቆቡን ቅጽል ስም መነሻ በካርድ እየጻፉ ለእንግዶች ያሳያሉ። አባባ አናቶልም ከፊት ይቀመጣሉ።

«ማን ነገረህ?» አለች መምህሯ።

«ራሳቸው አባባ አናቶል» አለ ጊስላን፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«እንግዲያው ይህንኑ በካርድ ጽፈህ ነገ ጮክ ብለህ ታነበዋለህ።»

ሽማግሌው ቅዳሜ ዕለት ድንች እየለዩ ለማርስሊን የነገሯት እንዲህ አልነበረም።

«ብርድ ነበር ልጄ። ቆብ እሳት ላይ አትጣዱ፣ ብረቱ ይላላል ብለውን ነበር። እኔ ለራሴ ቆብ ሳስቼ የጓደኛዬን የፍሎሪሞንን ተዋስኩና ቀቀልኩበት። ከዚያ ወዲያ ሁሉም 'ድስት' አሉት። እሱም እየሳቀ አጠለቀው። በሦስተኛው ቀን ጥይት…» አንድ ድንች አንስተው አገላበጡ። «ባልቀቅልበትም ይበሳ ነበር ይሆናል። አላውቅም። ለእናቱ እንኳ አልተናገርኩም። ቆቡን ሰው ይየው፤ ይሄ ግን ካንቺ አይለፍ።»

ከክፍል ሲወጡ ጊስላንን እጁን ያዘችው።

«ዋሽተሃል። ካርዱን ቅደደው።»

«ኧረ ባክሽ! እውነቱ ምንድነው ታዲያ? ንገሪኛ!»

ብትናገር እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዝም ብትል ሽማግሌው ነገ ያንን ሳቅ ይሰማሉ።

«አልነግርህም።»

«አየሽ? ቅናት ነው! በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛዬ ነህ እንዳትዪኝ።» ብስክሌቱን ይዞ ሄደ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ነበር ወደ ቤት የሚመለሱት።

ማርስሊን ወደ ክፍል ተመለሰች።

«መምህር፣ አባባ አናቶል እንደዚያ አላሉም። ያሉትን ግን መናገር አልችልም።»

መምህሯ ጣቷን በቀዳዳው ዙሪያ አዞረች። «መነሻው ካልተጻፈ ነጥብ የለሽም።»

«አውቃለሁ።»

ማርስሊን ከቆቡ ሥር የጊስላንን ካርድ አንስታ በምትኩ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ይህን ቆብ ፍሎሪሞን ያደርገው ነበር።» 'ድስት' የሚለውን አልጻፈችም።

በማግስቱ አባባ አናቶል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሳቀ አልነበረም።

እኔ ይህን ከማርስሊን የሰማሁት አባባ አናቶል ካረፉ በኋላ ነው። እናንተም ልጆቼ፣ አደራ፣ ያንን ቆብ ስታዩ ፍሎሪሞንን በስሙ አስቡልኝ።