ከአፈሙዙ ሥር ያለችው ባትሪ

ሞጣ ከተማ ከገበያው በስተጀርባ ያለው የማንጠግቦሽ ወፍጮ ቤት ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሥራ ያቆማል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድንጋዩ ለጥቂት ጊዜ በራሱ እየተሽከረከረ ያጉረመርምና፣ ቀስ እያለ፣ እያነሰ ሄዶ፣ እንደ ደከመው ሰው ተንፍሶ ዝም ይላል። ሠራተኛዋ ጥጋቡ የመጨረሻዋን ገበያተኛ ዱቄቷን አሸክሞ ይሸኛል፤ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አራግፋ መብራት ታበራለች። መብራት ሲበራ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ቀኑን ሙሉ አብሮ የዋለም ቢሆን፣ እንደ አዲስ «እንደምን አመሻችሁ» ይባባላል። እናቷ ቤትም እንደዚሁ ነበር። ልጆቿም በዚሁ ነው ያደጉት፤ የመጨረሻው ልጇ ይበልጣልማ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ክብሪት ሲጫር በሰማ ቁጥር ከጨለማው ውስጥ ሰላምታውን ያቀርብ ነበር። አሁን ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ባሕር ዳር ይሠራል።

ከወፍጮው ኋላ መጋዘኑ አለ። ዝናብ እንዳይገባበት ተብሎ መስኮት ሳይወጣለት ስለተሠራ፣ በቀትርም ቢሆን በሩ ከተዘጋ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የዱቄት፣ የእርጥብ ጆንያና የአይጥ ሽታ ይሸታል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ባሏ ባሻ ውበቱ በአንድ ዝናባማ ምሽት እዚያ ውስጥ ኮሽታ ሰማና ሽጉጡን ይዞ ገባ፤ ወደ ድምፁም ተኮሰ። ከተኮሰ በኋላ ክብሪት ሲጭር ያየው ሌባ አልነበረም። የራሱ ሠራተኛ ደርብ ነበር፤ ዝናብ ቢይዘው እዚያው ሊያድር የገባ። ደርብ ጆንያ ተደግፎ ተቀምጦ፣ ሆዱን ይዞ፣ ወደ ክብሪቱ ብርሃን ቀና አለና ከልማድ «እንደምን አመሹ፣ ባሻ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ባሻ ሰላምታውን ሊመልስ ፈልጎ አፉ እምቢ አለው።

ታሰረ፣ ተፈታ፣ ንስሐ ገባ፣ ሞተ። እስኪሞት ድረስ ለማንጠግቦሽ የሚነግራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ አብርቼ ቢሆን ኖሮ፣ ይላት ነበር።

የባሻን ሽጉጥ መንግሥት ወስዶታል። አሁን ያላት ትንሿ ሽጉጥ የራሷ ናት። ከባሏ ሞት በኋላ ብቻዋን ስለምትመላለስ በስሟ ፈቃድ አውጥታ የያዘቻት ናት፤ መቀነቷ ውስጥ ጠቅልላ ስትታጠቃት ከላይ ነጠላ ጣል ካደረገችበት ማንም አያውቅም። ተኩሳባት አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ስትታጠቃት አማትባ፣ ዛሬም በከንቱ ትዋል ብላ ነው የምትጸልየው።

ሐምሌ ሲገባ መጋዘኑ ውስጥ ኮቴ አየች። ወለሉ ላይ በሚረጋው ስስ ዱቄት ላይ የጫማ ዱካ ነበር፤ ከበሩ ይነሳና ሰባት እርምጃ ሄዶ ጆንያዎቹ ሥር ያቆማል። የመመለሻ ዱካ የለውም። እርስዋ የምታደርገው ነጠላ ጫማ ነው፤ ጥጋቡ ደግሞ ክረምት ከበጋ ከጎማ የተሠራ በረባሶ። ይኼ ግን ተረከዙ ተለይቶ የሚታይ፣ የከተማ ሰው ጫማ ነበር። ጠረገችው። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ አገኘችው፤ ያው ሰባት እርምጃ፤ ደግሞም ጆንያዎቹ ሰው የተደገፈባቸው ያህል ወደ ኋላ ጎድጎድ ብለዋል።

የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እርስዋ ጋ፣ አንዱ ጥጋቡ ጋ። ጥጋቡን ከዚያን ቀን ጀምሮ በጎን ታየው ጀመር። ሲስቅ ለምን ሳቀ፣ ዝም ሲል ለምን ዝም አለ። ሌሊት ሰው የሚያስገባ መሰላት። ለይበልጣል ደውላ ስትነግረው፣ ወፍጮውን ሸጣ እርሱ ጋ እንድትገባ የተለመደውን ልመና ለመናት፤ የፍልሰታ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ አላት። እርስዋ ግን ልቧ ሌላ ጋ ነበር። ሌባውን ብትይዘውም፣ እጇ ላይ ሰው እንዳይሞት። የባሻ ዕዳ እርስዋ ላይ እንዳይደገም። መሣሪያ ከያዝኩ አይቀር የምይዘው ከነመብራቱ ነው አለችና ወደ አቶ ላቀው ሄደች።

አቶ ላቀው ከመናኸሪያው ጀርባ ፈቃድ አውጥቶ የጦር መሣሪያ የሚጠግን፣ አንድ ዓይኑን እያጨነቆረ የሚያወራ ሽማግሌ ነው። ሽጉጥ ላይ የሚገጠሙ ሦስት ባትሪዎች ጨርቅ ላይ ደረደረላት። አንዷ የአውራ ጣት ያህል፣ አንዷ መካከለኛ፣ አንዷ ወፍራም። ትልቋን አንስታ ስታገላብጥ፣ «እትዬ፣ እሷን ካበሯት ሞጣ በሙሉ ነግቷል ብሎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል» አላት። ደግሞም መቀነት ውስጥ አትደበቅም፤ ያረገዙ ያስመስልዎታል ቢላት፣ በዚህ ዕድሜዬማ ተአምር ነው የሚባለው ብላ ሳቀች። ትንሿን መረጠች። ከአፈሙዙ ሥር ገጠመላት፣ ጥይቱን አውጥቶ ደጋግሞ አስሞከራት። አውራ ጣት ለመብራቱ፣ ሌባ ጣት ከቃታው ውጪ።

ከዚያ ሳቁን ትቶ ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛው፣ ይህ ባትሪ ሰው መፈለጊያ አይደለም፤ ያበሩበት ሁሉ አፈሙዙ አብሮ ይሄዳል፤ ለመፈለጊያ የእጅ ባትሪ ይያዙ አላት። ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«የፈራ እጅ ጣት አይለይም፣ እትዬ። ሁሉንም አንድ ላይ ይጨብጣል። መብራቱን የተጫንሽ መስሎሽ ቃታውን ትስቢያለሽ።» አንቺ ማለቱን እንኳ አላወቀውም። እርስዋም አልታዘበችውም፤ ልቧ ባትሪዋ ላይ ነበር።

ረቡዕ በቀትር፣ ጥይት ሳታጎርስ፣ ልትሞክራት መጋዘን ገባችና በሩን ዘጋች። ጨለማው ጆሮ ላይ የሚጫን ዓይነት ነበር፤ ከውጭ የወፍጮው ጩኸት በግድግዳው አልፎ ከእግሯ ሥር እንደ ሩቅ ጎርፍ ይሰማታል። በአውራ ጣቷ ተጫነች። ጠባብ፣ ነጭ ብርሃን ወጥቶ አንድ ጆንያ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ አረፈ። ከክቡ ውጪ፣ በስተግራ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «እንደምን አመሸሽ» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አመሸህ» አለች፤ ልማድ ነው። ካለች በኋላ ነው ቀትር መሆኑ ትዝ ያላት።

በሩን በርግዳ ስትወጣ ጥጋቡ መንገዱ ማዶ ከአህያ ላይ ጭነት ያወርዳል። ቢያንስ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። ያም ሆኖ የከነከናት ሌላ ነገር ነበር፤ ከመቼ ወዲህ ነው እኔ አንቺ የምባለው? ጥጋቡ በስድስት ዓመት አንድ ቀን አንቱታውን አጓድሎ አያውቅም። ማታ መብራት ስታበራ «እንደምን አመሹ እትዬ» ሲላት ድምፁን አጣጥማ ሰማችው። አይደለም። ግን የሰማችውን ድምፅ ታውቀዋለች። የት እንደምታውቀው ነው የጠፋባት፤ ስም ምላስ ላይ ደርሶ እንደሚጠፋው።

ጥፋቱን በባትሪዋ ላይ ጣለችው። ጠባብ ናት፣ ጎን አታሳይም። ተመልሳ ሄዳ ትልቋን አስገጠመች። አቶ ላቀው ምን አይተው ነው ቢላት አይጥ ብላ ዋሸችውና፣ መንገድ ላይ ስለ ውሸቷ አማተበች።

ትልቋ ሌላ ጣጣ አመጣች። መጋዘኑ ውስጥ ስታበራት የዱቄቱ ብናኝ ብርሃኑን ተቀብሎ ነጭ ግድግዳ ሆነባት፤ ወተት ውስጥ የገባች ያህል ዓይኗ ጠፋ። ብናኙ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይንሳፈፋል። አንድ ቦታ ላይ ግን አይወርድም። ጆንያዎቹ ሥር፣ ሰው ተቀምጦ የሚይዘውን ያህል ቦታ፣ ዱቄቱ እየተከፈለ በዙሪያው ያልፋል። ከነጩ ጉም በታች፣ ብርሃኑ ወለሉን በሚነካበት፣ ሁለት ጫማ ታያት። ቡናማ የቆዳ ጫማ፣ ነጭ ሶል፣ የግራው ማሰሪያ የተፈታ። ድምፁ ያንኑ ቃል ተናገረ። በዚህኛው ጊዜ ደክሞ ነበር። ማንጠግቦሽ ዳዊቱን ጀመረች፤ መሐል ላይ ጠፋባት።

የንስሐ አባቷ ታሪኩን ሰምተው ለደርብ ፍትሐት እንዲደገምለት አደረጉ። ለእርስዋም ሲመክሯት፣ መብራቱንና መሣሪያውን ለያዪያቸው፣ ልጄ፤ ብርሃን ይዘሽ ለመግባት ሽጉጥ አያስፈልግሽም አሏት። ራሷን ነቀነቀች። ግን ደርብ ጫማ አልነበረውም። በባዶ እግሩ ነው የተቀበረው፤ ገንዛ የሸኘችው እርስዋ ናት። ጫማ ያለው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ በሕይወት ያለን ሰው ደግሞ ያስገባው ጥጋቡ ነው። ልቧ እዚህ ላይ ቆመ።

ሐሙስ ዕለት ጥጋቡን አሰናበተችው። ሰውዬው አልተከራከራትም። ስለ ድምፁ ስትጠይቀው ብቻ ፊቱ ተለወጠና፣ «እኔን ሰላም ብሎኝ አያውቅም፣ እትዬ። እርስዎ ሲገቡ ግን እኔም በበሩ ሰምቻለሁ። ዘመድ መስሎኝ ነበር» አለ። ቁልፉን ስትጠይቀው ቤት ረስቼዋለሁ፤ ነገ በሰው እልካለሁ አለ። አላመነችውም። ቅዳሜ ልጇ ሲመጣ አዲስ ቁልፍ ያስገባል፤ ስለዚህ ለሌባው የቀረው አርብ ብቻ ነው ብላ አሰላች።

አርብ ጠዋት መካከለኛዋን ባትሪ አስገጠመች፤ ብርሃኗ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ አቧራ ላይ አይንጸባረቅም፣ መቀነትም ትገባለች። አቶ ላቀው መጀመሪያ ይህችን መስጠት ነበረብኝ አለ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማንጠግቦሽ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ፣ በሩን ከውስጥ ገፋ አድርጋ፣ ከበሩ ትይዩ ያለው ጥግ ላይ ቆመች። ዛሬ ጥይት አጉርሳለች። በልቧ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፤ መጀመሪያ አበራለሁ። ፊቱን ሳላይ አልተኩስም። መጀመሪያ አበራለሁ።

የእርጥብ ጆንያው ሽታ ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠ። አይጦቹ እንኳ ዝም ብለዋል። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቁልፍ ከብረት ጋር ሲነካካ ሰማች፤ አንድ ሰው ከውጭ ቀዳዳውን በዳበሳ ይፈልጋል፤ ከዚያ በሩ ክፍት መሆኑን ሲያገኝ ገፋ አደረገው። ዝናቡ ለአፍታ ጮክ ብሎ ተሰማና በሩ ተመልሶ ሲዘጋ ራቀ። ጫማ ወለሉ ላይ ተራመደ። አንድ። ሁለት። ቆም አለ፣ እንደገና ቀጠለ። እርስዋ ትቆጥራለች። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አሁን ሰላም ሊለኝ ነው የሚል ፍርሃት ከእግሯ እስከ ራሷ ወጣባትና በአውራ ጣቷ ተጫነች።

የበራው ግን ከአፈሙዙ ሥር አልነበረም። አንድ ቅጽበት ብቻ፣ ቀይ፤ ከዚያ ጆሮዋን የደፈነው ድምፅ፤ ከዚያ ከጣሪያው የሚወርደው ዱቄት ፊቷን ሲነካት። አውራ ጣቷ አሁንም የባትሪዋን መጫኛ አልነካትም ነበር። ፈልጋ አገኘቻትና ተጫነቻት።

ቢጫው ብርሃን ብናኙን ዘልቆ ሄደ፤ ጥሩ ባትሪ ናት። መጀመሪያ ጫማው ታያት፤ ቡናማ፣ ነጭ ሶል፣ የግራው ማሰሪያ የተፈታ። ከዚያ ጥጋቡ በሰው እልካለሁ ያላት፣ ሁልጊዜ በቀይ ክር የሚያስራት የመጋዘን ቁልፍ፣ የተከፈተ መዳፍ ላይ። ከዚያ ጆንያውን ተደግፎ ሆዱን የያዘው ሌላኛው እጅ። ሰውየው ከብርሃኑ ጀርባ ማን እንዳለ ማየት ስላልቻለ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ቀና አለ፤ ትንፋሹ አጥሮበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ መብራት በበራ ቁጥር የሚለውን አለ።

«እንደምን አመሸሽ፣ እማዬ።»

ማንጠግቦሽ ለቅዳሜ ለምትጠብቀው ልጇ ሰላምታውን ልትመልስ ፈልጋ አፏ እምቢ አላት፤ ረቡዕ በቀትር ግን ለዚሁ ድምፅ፣ እዚሁ ቦታ ላይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ መልሳለት ነበር።