አራጋው ያልመለሰው ግጥም

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ አራጋው ጊታሩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጀርባው ያዝልና፣ ልጁን ትዋብን በሩን እንድትዘጋ ነግሮ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ እትዬ ደብሪቱ ጠጅ ቤት ይሄዳል። ሰው ሳይሞላ መድረስ ይወዳል። ከመስኮቱ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ የጊታሩን ክሮች አንድ በአንድ ያጠብቃል፤ አጎቱ አያ ይመር ክራር ሲያስተምሩት እንዳሳዩት፣ ጆሮውን ወደ እንጨቱ ጣል አድርጎ፣ ትዝታው ራሱ መጥቶ እስኪቀመጥ ድረስ ቀስ ብሎ ይቃኛል።

ከክራር ወደ ጊታር የተሻገረው በጎልማሳነቱ፣ በፋብሪካው የሠራተኞች ባንድ ውስጥ ነው። ባንዱ ሲበተን ጊታሩ እሱ እጅ ላይ ቀረ። አንድ ካሴትም አወጣ፤ ፎቶው ላይ ጎፈሬው ከሽፋኑ አልፎ ጫፉ ተቆርጧል። ካሴቱ ሁለት ክረምት ያህል በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ተሰማ፣ ከዚያ ሌሎች ካሴቶች መጡ። ሚስቱም ሞተች። እንግዲህ የቀሩት ለጥቅምት ልትዳር የታጨችው ትዋብ፣ እሑድና አንድ ኩራት ነበሩ።

ኩራቱን ልንገራችሁ። በጠጅ ቤት ወግ ጠጪው ከተቀመጠበት ሆኖ ሁለት መስመር ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ደግሞ ያንኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ በዜማ ይመልስለታል። ግጥሙ ወዳጅን የሚያሞግስ ቢሆን፣ ጠላትን የሚወጋ ቢሆን፣ ዘፋኙን ራሱን የሚሰድብ ቢሆን ይመለሳል። አያ ይመር፣ «ማን ሰጠኝ ብለህ አትምረጥ፤ አንዷን ያስቀረህ ቀን ዘፋኝነትህ አበቃ» ብለውት ነበር። አራጋው በአርባ ዓመት ውስጥ አንዲት ግጥም መሬት ላይ ጥሎ አያውቅም። ትዋብም ይህንኑ እየሰማች አደገች፤ እቤት ሲለማመድ አንዳንዴ እሷ ትሰጠዋለች እሱ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ እሱ ይሰጣታል እሷ ትመልሳለች።

በሰኔ አጋማሽ አንድ እሑድ ዝናቡ ቆርቆሮውን ያለ ዕረፍት ይደበድበው ነበርና ቤቱ በቀን ጨለመ። የጌሾው ሽታ፣ የረጠበው ጉዝጓዝ ሽታ፣ ከውጭ የገባው ሰው ካፖርት ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ በደረት ልክ ቆሟል። እንዲህ ባለበት ሰዓት፣ ጋኖቹ ከተደረደሩበት፣ የመስኮቱ ብርሃን ከማይደርስበት ጥግ፣ ቀጭን ድምፅ ለአራጋው ግጥም ሰጠው። የወንድም የሴትም አይመስልም፤ ብዙ ጊዜ ሳይናገር የኖረ ጉሮሮ ይመስላል። ማን እንደሆነ ለማየት ቀና ከማለቱ በፊት አፉ ቀደመና መለሰ፦

ሞላ ሹፌሩማ መኪናውን ያቁም፣
የሚሄድበት አገር ጎማ አያስኬድም።

ቤቱ ሳቀ። ሞላ ራሱ ብርሌውን ከፍ አድርጎ፣ «ታዲያ በእግሬ ልትሰደኝ ነው ጋሽ አራጋው?» አለው።

ሐሙስ ዕለት ሞላን ቀበሩት። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው የተገኘው። አራጋው ከቀብርተኛው መሐል ቆመ፤ እንባ አልመጣለትም። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ደንዝዛበት ነበርና ነከስ አደረጋት፤ ጥርሱ ጣቱን አወቀ፣ ጣቱ ግን ጥርሱን አላወቀም። ብርድ ነው አለ።

በሚቀጥለው እሑድ የቤቱ ቀልደኛ መምህር ጥጋቡ ገና ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ሞላን ሸኘኸው አይደል፤ እኔን አደራህን፣ ያላረምኩት የፈተና ወረቀት አለ» አለ። የሳቀውም ያፈረውም ነበር። ከጥቂት ዘፈን በኋላ ያ ድምፅ ከጋኖቹ ጀርባ መጣ፤ ጠመኔው አልቋል፣ ደወሉም ተደውሏል፣ ጥጋቡ ወደ ቤቱ ይግባ የሚል ግጥም ነበር። አራጋው ስሙን ሲሰማ ማቆም እንዳለበት ታወቀው። ግን የአርባ ዓመት ልማድ ነው መቼስ፤ ሐሳቡ እስኪደርስ ዜማው አልቆ ነበር። መምህር ጥጋቡ ብቻ ነው ያላጨበጨበው።

ማክሰኞ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወረቀቶቹ ላይ ሞቶ ተገኘ። የአራጋውም ድንዛዜ አምስቱን ጣቶች አዳርሶ እስከ አንጓው ወጣ። አሁን ጣቶቹ የቱ ክር ላይ እንዳረፉ የሚያውቀው በዓይኑ እያየ ነው።

እትዬ ደብሪቱን ከጋኖቹ ጀርባ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቃት። ብርሌ ማጠቧን አቆመች።

«ከጋኖቹ ጀርባ ግድግዳ ነው ያለው። ድመት እንኳ አያስቀምጥም።»

«ግጥም የሚሰጠኝስ?»

«አንተው ከራስህ የምታወጣው መስሎኝ» አለች፤ «እንዲህ ያለውን ከየት ያመጣዋል እያልኩ ስፈራህ ነው የከረምኩት።»

አራጋው ሦስት እሑድ ከጠጅ ቤቱ ቀረ። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። ፍርሃቱ እንደ ጣቶቹ ነበር፤ እንዳለ ያውቃል፣ አይሰማውም። ማታ ማታ ትዋብ ቅቤ አሙቃ እጁን ታሸዋለች፤ የእጇን መንቀሳቀስ ያያል እንጂ ሙቀቱን አያገኘውም። ለምን ቤት እንደዋለ አልነገራትም፤ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ነገሩ ከቃል ያንሳል። በአራተኛው እሑድ ጊታሩን አውርዳ በብርድ ልብሱ ጠቀለለችለት። ሰው ዘፈኑን ተወ እያለው መሆኑን፣ ለሠርጓም በዚህ እጅ መጫወት እንዳለበት ነገረችው። ሄደ።

ዱካውን ከመስኮቱ አንስቶ በሩ አጠገብ፣ ከጋኖቹ ርቆ አደረገ። ውጭው አባርቶ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፀሐይ እስከ ጥጉ ገባች። በሁለቱ ጋኖች መካከል ባዶ እግሮች አየ። ሁለት ናቸው። ተረከዛቸው ወደ ሰዉ፣ ጣቶቻቸው ወደ ግድግዳው፤ እርጥቡ መሬት ላይ ቆመው ደርቀዋል። ደመናው ሲመለስ ጥጉ ጨለመ።

ድምፁም አልዘገየም። «ትዋብ የአራጋው ልጅ» ብሎ ጀመረ።

አራጋው መዳፉን ክሮቹ ላይ ጫነ። ከንፈሩን ነከሰ። ግጥሙ እስከ መጨረሻው እንዳይሰማው የጊታሩን ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ያዞር ጀመር፤ ክሮቹ እያቃሰቱ ረገቡ፣ ስድስቱም እንጨቱ ላይ ተጋደሙ። አንዱ ሽማግሌ፣ ምነው ዘፈኑን ሳትጀምረው ፈታኸው አሉት። እጄን አሞኝ ነው ብሎ ወጣ።

ድልድዩ ላይ ቆም አለ። አርባ ዓመት ያልጣላትን ጥሏል፤ አያ ይመር ቢኖሩ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር። ይሁን፣ ልጁ ተርፋለች። ደስታው እስኪመጣ ትንሽ ጠበቀ፤ ሳይመጣ ሲቀር ዳገቱን ወጣ።

የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ትዋብ ደፉ ላይ ተቀምጣ እጇን በእጇ ታሻለች፤ ፊቷ ፈክቷል።

«አባዬ፣ ዛሬ የሆነውን ልንገርህ» አለችው። አሁን ገና አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ እንደነበር፣ ስትከፍትለት ጀርባውን ሰጥቷት እንደቆመ፣ አራጋው ግጥሜን ጣለብኝ ብሎ እንደከሰሰ አወራችው። «አባቴ ግጥም አይጥልም አልኩት። ጥሏል አለኝ። ታዲያ ስምህ ሲነሳ ዝም ልበል? በል ስጠኝ፣ እኔ እመልስልሃለሁ አልኩት።»

ከዚያም እቤት እንዳስተማራት፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በቀጭኑ ደገመችለት፦

ትዋብ የአራጋው ልጅ በሩን ክፈቺልኝ፣
አባትሽ ቢተወኝ አንቺ ተቀበይኝ።

«አላበላሸሁትም አይደል?» አለችው።

አራጋው ጊታሩን ከጀርባው አውርዶ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ፤ ጣቶቿ ክረምት እንዳደረበት ድንጋይ ቀዝቅዘዋል፣ ይህንንም ሊያውቅ የቻለው የደነዘዙት የገዛ ጣቶቹ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ ስለተሰማቸው ነበር።