ከባቄላዋ ጀርባ

መምህር ጥበቡ ሁልጊዜ ጠዋት ክፍሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጎበኘው ባቄላዋን ነው። በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ፣ በጥጡና በብርጭቆው መካከል አንዲት ፍሬ፣ ከፊቷ ደግሞ የመጻሕፍት ክምር ተደግፎ የቆመ፣ የኖኅ መርከብ ሲጠረብ ፎቶ ሳያነሳ ያልቀረ አሮጌ ስልክ። ስልኩ በየጊዜው ቀጭ እያለ አንድ አንድ ፎቶ ያነሳል፤ ሲጨልም በራሱ መብራት ብልጭ ይላል። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ የሳምንት ዕድገት በአፍታ ያልፋል፤ የዓይን ትዕግሥት የማይችለውን ዝግታ ልጆቹ ቁጭ ብለው ያዩታል። በመሐል ሜዳ፣ ብርዱ ከአፍ የወጣን ቃል መሬት ሳይነካ በሚያጋግርበት አገር፣ ባቄላን በፊልም ያሳደገ መምህር ከአዳም ወዲህ አልታየም።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። ስልኩን የነካ፣ በፊቱ ያለፈ፣ ባቄላዋ ላይ የተነፈሰ ወዮለት። የሁለተኛ ክፍል ልጆች በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፉ ዝንብ እንኳ አብራቸው ክንፏን ትሰበስብ ነበር። ሕጉን የጣሰችው ረድኤት ናት፤ አርብ ከሰዓት ፍሬዋን ከጥጡ መዝዛ በጣቶቿ ይዛ ተገኘች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማደጓን እያየሁ ነው፣ ቲቸር።»

«ስልኩ ያይልሻል።»

«ስልኩ ለእርስዎ እንጂ ለእኔ መቼ ይነግረኛል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ጥበቡ ሲሳቅበት ጆሮው የሚግል ሰው ነውና ፍሬዋን ወደ ጥጡ መልሶ፣ ልጅቱን ብቻዋን ወደ ኋለኛው ጥግ ወስዶ፣ ሲሚንቶው ተቦርቡሮ ጠጠር ካበቀለበት ቦታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንበረከካት። «ተነሺ እስክልሽ ድረስ እንዳትነሺ።»

ደወሉ ሲደወል መምህራኑ የአንዱ ባልደረባቸው አባት ሞቶ ለቅሶ ሊደርሱ በር ላይ ይጠሩት ነበር። ልጆቹን እየነዳ አስወጣ፣ ስልኩ እንዳይሰረቅ በሩን በቁልፍ ጠረቀመ፣ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ፊልሙ ሲያወራ አልቃሾቹ እንባቸውን ረስተው እስኪያዳምጡት ደረሰ። ረድኤት ትዝ ያለችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጫማው ውስጥ የገባች አንዲት ጠጠር ስትወጋው።

ጫማውን ሳያስር ሮጠ። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ አየሩ ረጥቦ የሰነበተ ጥጥ ይሸታል።

«ምን ጠፋብህ፣ መምህር?» አለው ዘበኛው ጋሽ ወንድይፍራው ከበር ላይ።

«ምንም።»

ሰኞ ረድኤት አልመጣችም። ጎረቤቷ የሆነች ልጅ «ታማለች» አለች፤ ምን እንዳመማት ሳይጠይቅ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ሊጠይቃት በየቀኑ ይነሳል፣ በየቀኑ ከመንገድ ይመለሳል። ከእነዚያ ጠጠሮች ላይ መቼ ተነስታ ይሆን? ይህን የሚያውቀው ስልኩ ብቻ ነው።

ፎቶዎቹን ያስሮጣቸው ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ነው። ባቄላዋ ቆዳዋን ቀድዳ ነጭ ጅራቷን ትዘረጋለች፤ ከጀርባዋ ክፍሉ ይጨልማል፣ ይነጋል፤ በኋለኛው ጥግ ጀርባ የሰጠች ትንሽ ልጅ ተንበርክካለች። አርብ ማታ አለች። ሌሊቱን አለች። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ራሱ ክፉኛ ቆዝሞ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሟል፣ እሷም እዚያው ጥጓ ላይ አለች። ሰኞ ልጆቹ እንደ ጭስ ውል እያሉ ይመጣሉ፣ ይጠፋሉ፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ሳትንቀሳቀስ የቆየችው እሷ ብቻ ናት። ቀና ብሎ ጥጉን ሲያይ ግድግዳና ጠጠር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ማስተማሩ ቀረ ማለት ይቻላል። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲንጫጫ ከኋላው ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ የታከተ ጉልበት በጠጠር ላይ ክብደቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውር የሚሰማ፣ አገር ምድሩን የሚሞላ ትንሽ ድምፅ። ጥጉ አጠገብ የሚቀመጡት ልጆች ማንም ሳያዛቸው ዴስካቸውን ወደ ፊት ጎተቱ። ባቄላዋ ቅጠል ስታወጣ በፎቶው ውስጥ ያለችውም ልጅ መንቀሳቀስ ጀመረች፤ ዓይን በማይደርስበት ዝግታ፣ መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ጆሮዋን፣ ከዚያ የጉንጯን ጠርዝ ወደ ክፍሉ ታዞራለች። ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ሳያይ ሐሙስ ደረሰ። ረድኤት አልጋ ላይ ነፍሷ ብትወጣ፣ የገደላት ማን ነው? እናቷ ፊት ምን ብሎ ይቆማል?

ልጆቹን አሰናብቶ ብቻውን ወደ ጥጉ ሄደ። የእርጥብ ጥጡ ሽታ አፍንጫውን ሳይሆን ጥርሱን አመመው። አገር የሚያናውጥ ድምፁ ከዳውና እንደ ሕፃን አጉተመተመ።

«ተነሺ፣ የኔ ልጅ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ተነሺ፣ ሂጂ።»

ጠጠሮቹ ተንኮሻኮሹ። ብርድ ነገር ደረቱን ዳብሶት አለፈ፤ በሩም ቀስ ብሎ ተከፈተ። ስልኩ ቀጭ አለ፤ ሮጦ አየው፤ ጥጉ ባዶ ነው። ጠረጴዛውን አቅፎ አለቀሰ፤ ያ ሁሉ ተራራ ከጫንቃው ተንዶለት አንድ ጉብታ እንኳ አልቀረበትም።

በቀጥታ ብርቱካን ገዝቶ ወደ ረድኤት ቤት አመራ። እናቷ ገና ከደጅ «ጆሮ ደግፍ ነው እኮ፣ መምህር፣ ምን አስጨነቀዎት! ይግቡ» ብላ ሳቀችበት። ረድኤት በጋቢ ተጠቅልላ፣ ጉንጮቿ እንደ ዱባ አብጠው፣ ብርቱካኑን በዓይኗ እየመዘነች ነበር። እናቷ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ረድኤት፣ ያን ዕለት ረስቼሽ ... ሌሊቱን ሙሉ ...»

ልጅቱ ወደ በሩ ገላመጥ አለችና ድምፅዋን ቀነሰች።

«ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ እንጂ፣ እኔማ እርስዎ በሩን እንደቆለፉ በመስኮት ዘልዬ ወጣሁ» አለች፤ «አጠገቤ ተንበርክካ የነበረችውን ልጅ ግን ነይ እንውጣ ብላት፣ ‹ቲቸር ተነሺ ካላሉኝ መነሳት አልችልም› አለችኝ።»